የተቃጠለው ቧንቧ

ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ጉዳዩ ቤታችን ድረስ ሽማግሌ ያስመጣ ስለሆነና ሆሳዕና ውስጥ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው። መጀመሪያ ያሳረረኝ ግን እሱ ነው፤ ያንን ማንም አያወራም።

እሱ የምለው የሕንፃ ዕቃ የሚሸጠውን ልጅ ነው። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን መደብር ተረክቦ ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ሴራሚክና ቧንቧ ይሸጣል። እሑድ መደብሩ ዝግ ስለሆነ ከቸርች መልስ ሦስታችን እዚያ እንሰበሰባለን፦ እሱ፣ እኔ፣ እና እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምረው ባልደረባዬ። ጨዋታውን ከኢንተርኔት አውርዶ ያመጣብን ይኸው መምህር ነው። መምህሩ ዋሻና ምሽግ እየፈጠረ ይተርክልናል፤ እኛ ጀግኖቻችንን ይዘን እንገባለን፤ ማን መታ፣ ማን ሳተ የሚለውን በሉዶ ዳይስ እናጣራለን። ትልልቅ ሰዎች ነን፣ አዎ። ኳስ ለማየት ብር ከፍሎ የሚጮህ ሰው በእኛ ሊስቅ አይችልም።

የመጫወቻ ሰሌዳችን የመደብሩ ወለል ነው። ነጭ ሴራሚክ ስለሆነ አንዱ ሴራሚክ አንድ ካሬ ይሆናል። ጠላቶቻችን በጭንቅላታቸው የቆሙ ብሎኖች ናቸው። እኔ የለስላሳ ቆርኪ ነኝ። እሱ ደግሞ ከመደርደሪያ ያወረደው የሚያብረቀርቅ ቧንቧ ነው፤ ነገ ስለሚሸጥ ከነላስቲኩ ነው የሚዋጋው።

ተራው የደረሰ ሰው እስከ ስድስት ካሬ መራመድ ይችላል። እኔ እሳት ወርዋሪ ነኝ፤ እሳቴ የወደቀበትን ካሬና በዙሪያው እስከ አራት ካሬ ያለውን ሁሉ ይበላል፣ ወዳጅ ጠላት አይለይም። መምህሩ ይህንን «የጉዳት ክልል» ብሎ ተርጉሞት ነበር። ክልል የሚለው ቃል ግን በዚህ ከተማ ስብሰባ ያስጠራል። መንገድ የሚያልፍ ሰው «ክልሉን አቃጥይው» የሚል ድምፅ ሰምቶ ሌላ እንዳያስብ «የእሳት ማሳ» አልነው። ሌላው የሚያጣላን በሰያፍ መራመድ ነበር። እኔ በሰያፍ ሲኬድ ሁለተኛው ካሬ እንደ ሁለት ይቆጠር ባይ ነኝ፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል። በዚህ ጉዳይ መምህሩን እስከ መናኸሪያ ድረስ እየተከራከርኩ ሸኝቼው አውቃለሁ።

እሱ ግን አይከራከርም፤ ምክንያቱም አይራመድም። ተራው ሲደርስ መምህሩ «የት ትሄዳለህ?» ይለዋል። «ባለሁበት ነኝ» ይላል። ዘንዶ ቢመጣ ባለበት ነው፤ ጣሪያ ቢናድ ባለበት ነው።

ከጨዋታው ውጭም ያው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቸርች እስከ ሰፈራችን መታጠፊያ ሸኝቶኛል፤ ከመታጠፊያው አልፎ ግን አያውቅም። እንደሚወደኝ አውቃለሁ፣ እንደምወደው ያውቃል፤ መዘምራኑም ሳይቀሩ ያውቃሉ። መምህሩ «ለምን አትነግራትም?» ሲለው «ዝም አይነቅዝም» ብሎ መለሰለት። ይነቅዛል እንጂ። ሲነቅዝ የምሰማው እኔ ነኝ።

በዚህ መሃል ሾኔ ወዳለ ትምህርት ቤት እንድዛወር ተጠየቅኩ። እህቴ እዚያ ስላለች ቤተሰቤ ደስ አለው፤ መልስ መስጫው የወሩ መጨረሻ ነበር። መታጠፊያችን ላይ ቆሜ ነገርኩት። «የሚያስቀረኝ ነገር ከሌለ መሄዴ ነው» አልኩት። ከዚህ በላይ ምን ልበል? ቦርሳዬን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወርኩ ጠበቅኩት። አሰብ አደረገና «ሾኔ ጥሩ ከተማ ነው» አለኝ። «ገበያውም ደህና ነው።»

በሚቀጥለው እሑድ ብሎኖቹ ቧንቧውን ከበቡት። ተራው የእኔ ነበር።

«እሳት» አልኩ፤ የሚወድቅበትን ካሬ በጣቴ አሳየሁ።

መምህሩ ቆጠረ። «እሱም ማሳው ውስጥ አለ።»

«አውቃለሁ።»

«አንድ ካሬ ወደ ግራ ብታደርጊው እኮ አብዛኞቹ ብሎኖች ይቃጠላሉ፣ እሱ ይተርፋል።»

«አውቃለሁ አልኩህ።»

ዳይሱ ስድስት ወጣ። ቧንቧው ከነላስቲኩ ተቃጠለ።

«አላየሽኝም?» አለኝ፤ ፊቱ ተለዋውጧል።

«አየሁህ። ባለህበት ነበርክ።»

ቧንቧውን አንስቶ በእጅጌው ጠረገና መደርደሪያው ላይ መለሰው። በሚቀጥለው እሑድ መደብሩ አልተከፈተልንም፤ ከቸርችም ብቻዬን ተመለስኩ። መልሱ የሚሰጥበት ቀን እየቀረበ ነበር፤ እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፣ ቀድሜ አልደውልም።

አርብ ማታ የአባቴ ስልክ ጮኸ። የልጁ አጎት ናቸው፤ ቅዳሜ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ለመምጣት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሽማግሌ ሴት ልጅ ያለችበት ቤት ልምጣ ሲል ለምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። አባቴ ኮቱን አስተኮሰ። እናቴ ያለ የሌለ ቅቤዋን አውጥታ አታካና፣ የቡላና የቅቤ ምግባችንን፣ ልትሠራ ተነሳች፤ አታካና ደግሞ ለማንም አይሠራም። እኔ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ተራመደ አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ከዚያ አጎቱ ብድግ ብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመጣነው» አሉ፣ «ልጃችሁ ልጃችንን ስላቃጠለችው ነው።»

እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ከጓዳ ብቅ አለች። «በጌታ ስም! የት ሆስፒታል ነው ያለው?»

«ሆስፒታል አልገባም። መደብር ነው፤ ሲሚንቶ እያስጫነ ነው።»

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ወለሉ የናፈቀው መምህር አጎትየው ዘንድ ሄዶ «በጨዋታ መሃል አቃጥላው ተኳርፈዋል፤ አስታርቁልን» ብሏቸው ኖሯል። እንግዲህ እኔ፣ የሰው ልጅ የማስተምር ሴት፣ ሦስት ሽማግሌና ኮት የለበሰ አባት ፊት ቆሜ ስለ ቆርኪ፣ ስለ ብሎንና ስለ ቧንቧ ማስረዳት ጀመርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ አታካናቸውን እየበሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«እሳቱ ሲመጣ ልጁ የት ነበር?» አሉኝ።

«እዚያው ቆሞ፣ አባባ።»

«አልሸሸም?»

«አይሸሽም! አይቀርብም! ስድስት ካሬ ተፈቅዶለት ባለሁበት ነኝ ይላል! ልሄድ ነው ስለው እንኳ ሾኔ ጥሩ ከተማ ነው አለኝ!»

አፌን በእጄ ያዝኩ፤ ግን አምልጦኛል። አባቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ማጥናት ጀመረ። አጎቱ ወደ ሽማግሌው፣ ሽማግሌው ወደ ሳህናቸው አዩ።

«ቅቤው መልካም ነው» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ እጃቸውን ጠርገው ፈረዱ። «እኛ የተላክነው ለእሳቱ ነው። በእሳቱ አጥፍተሻል፤ ነገ ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂዋለሽ። ሌላውን ደግሞ አልተላክንበትም። ሽማግሌ ሳይላክ አይናገርም።»

በር ላይ ሲደርሱ ግን የአጎቱን ክንድ ይዘው ረዘም ያለ ነገር ሲያንሾካሹኩላቸው አየሁ።

እሑድ መደብሩ ተከፍቶ ጠበቀኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ከልቤ ይሁን አይሁን እንጃ። መምህሩ ቧንቧውን በሆነ መድኃኒት ከሞት አስነሳውና በር አጠገብ መለሰው። የእኔ ቆርኪ በሌላው ጥግ፣ ከቀለም ባልዲዎቹ ሥር ነበር።

«ተራው ያንተ ነው። የት ትሄዳለህ?»

እሱ ተንበረከከ። ቧንቧውን አነሳና ጮክ ብሎ እየቆጠረ በሰያፍ ያስኬደው ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስት ብሎ ከእኔ ቆርኪ ቀጥሎ ያለው ካሬ ላይ አስቀመጠው።

«አይደርስም» አለ መምህሩ። «ሰያፍ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ሁለት ይቆጠራል። ራሷ ናት...»

«መምህር» አልኩት፣ ኋላ ወንበር ላይ ለሚያወራ ተማሪ በማሳየው ዓይን እያየሁት። «ደርሷል።»

መምህሩ ዳይሱን አቀበለኝ።

«አሁን እሳት ብትወረውሪብኝ» አለኝ እሱ ከወለሉ ቀና ሳይል፣ «አንቺም አብረሽ ትቃጠያለሽ።»

ያን ቀን እሳት አልወረወርኩም። ሲሸኘኝ መታጠፊያውን አብረን አለፍን፤ በራችን ድረስ መጣ፤ ስለ ሾኔም ምንም አላለም።

ሐሙስ ማታ የአባቴ ስልክ እንደገና ጮኸ። ቅዳሜ እነዚያው ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እናቴ በዚህኛው አልተሞኘችም፤ ድስቱን ጥዳ፣ ቅቤውን ግን ጉዳዩ እስኪታወቅ በእጇ ይዛ ጓዳ በር ላይ ቆመች። አባቴ ኮቱንም አልለበሰም። በሩን ከፍቶ አንድ በአንድ አያቸውና፣ «አሁን ደግሞ ማንን አቃጠለች?» አላቸው።

ትልቁ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ያንኑ ልጅ ነው» አሉ።