ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ዛሬ ልናገር፦ ያንን ኮምፒውተር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ አሜሪካ፣ አፕል ቫሊ ከተማ ስንኖር፣ ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ሰዎች ያገለገለ ዕቃ ደጃቸው ላይ ከሚሸጡበት ጋራዥ ሴል አሮጌ ኮምፒውተር ገዛ። ልጃችን ሰላም ትንሽ ቀስት ዒላማ ላይ የሚወረወርበትን የዳርት ጌም ትጫወትበት ነበር።

አንድ ቀን ነጥቧ እንዳይጠፋባት ሳትዘጋው ትምህርት ቤት ሄደች። እኔ ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ብዬ እንደ ቴሌቪዥናችን ዳንቴል አለበስኩት። (ያውም ድርብ!)

ግሎ ተቃጠለ። አባቷ እሷን ሲቆጣ ዝም አልኩ።

ዛሬ ያንኑ ዓይነት ኮምፒውተር ራሷ ጠግና አመጣችልኝ። ያንኑ ጌም ከፍታልኝ ዳርቱን ዒላማው መሃል ላይ ስሰካው፣ «ዋው ማሚ!» ብላ ሳቀች። «ያኔ ስላበላሸሁት እኮ ነው ጥገና የተማርኩት።»

በኩራት ደረቴ ተነፋ፤ እውነቱን ግን አልነገርኳትም።

እናንተስ በልጅ ያሳበባችሁት ጥፋት አለ? ጻፉልኝ። ይህን ግን ከሁላችሁ በፊት የምልከው ለሰላም ነው።