ካርድ የሌላት በሽተኛ

የሆስፒታሉ ሰዎች እትዬ እምቢኝ ይሏታል። ዱሮ እንዲህ አልነበረችም። ሃያ ዓመት ሙሉ ኮሪደሩን ስትወለውል ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ የኖረች ጭምት ነበረች። ስሙ የወጣላት ባሏ ከታመመ ወዲህ ነው።

ልብስ ሰፊው ባሏ አንድ ቀን መቀሱ ከእጁ ወደቀ፤ አፉም ወደ አንድ ወገን ተጣመመ። እየበረረች ወደምትሠራበት ሆስፒታል ይዛው መጣች። ካርድ ክፍል "ተሰለፊ" አሏት። እሺ ብላ ተሰለፈች! ተራዋ ሲደርስ፣ የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጥበት ሰዓት አልፏል ተባለ። ዛሬ ባሏ ከቃል ሁሉ የቀረው "እሺ" ብቻ ነው። ራበህ? እሺ። አመመህ? እሺ። ይሄ አንጀቷን ይበላዋል።

ታዲያ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሁሉ በስትሮክ ድንገተኛ ሕክምና ሊሠለጥን ሆነና፣ ለልምምዱ በሽተኛ መስሎ የሚቀርብ ሰው ተፈለገ።

"ምንም ልፋት የለውም፤ ድንገተኛ ክፍል አልጋው ላይ መተኛት ነው" አላት ዳይሬክተሩ።

"እምቢ። በሽተኛ ከአልጋ አይጀምርም። እኔ ከውጭ በር ነው የምጀምረው።"

አሠልጣኟ ነርስ ሐሳቡን ወደደችው። "ማንም እንዳያዳላላት፣ እንደ ማንኛውም ሰው ተቀበሏት" ብላ ሰዓቷን ያዘች።

እትዬ እምቢኝ አፏን አጣማ፣ ቀኝ እጇን አንጠልጥላ ገባች። ዘበኛው ፈትሾ ወደ ካርድ ክፍል ላካት። እዚያም "ተሰለፊ" አሏት። ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲል፣ ጠዋት ራሷ የወለወለችው ወለል ላይ ዘፍ አለች።

ዳይሬክተሩ እየተጣደፈ መጣ። "ኧረ ሐኪሞቹ እየጠበቁ ነው! ተነሺና ግቢ!"

"እሺ" አለች። ንቅንቅ ግን የለም።

"ቀልዱ ይብቃ! ከሥራ አሰናብትሻለሁ!"

"እሺ።"

ባሏን የሚያውቀው የካርድ ክፍል ሠራተኛ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አቀረቀረ። አሠልጣኟ ሰዓቷን ለዳይሬክተሩ አሳየችው። "ሃምሳ አንድ ደቂቃ፣ ዶክተር። ገና ሐኪም እንኳ አላያትም።"

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ከፊቱ ገፋ አደረገው። "በቃ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን።"

ይሄኔ አፏ ተቃና። "እምቢ። አሁን ይጻፉ።"

ጻፈ፦ አፉ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ፣ ንግግሩ የተያዘ ሰው ካርድ ሳይጠየቅ ይግባ። ዘበኛው በሩ ላይ ለጥፎት እስኪመለስ ድረስ ከወለሉ አልተነሳችም።

ቤቷ ገብታ ሁሉንም ለባሏ ነገረችው። ከዚያ እንባዋ መጣ።

"ያን ቀን እምቢ ማለት ነበረብኝ። ይቅር በለኝ።"

ደህነኛውን ግራ እጁን እጇ ላይ አደረገ።

"እሺ" አላት።