ወይዘሮ ትሩፋትን አላውቃቸውም ያልኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ ደርግ ሊወድቅ ሦስት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ስም እንኳ ይጠፋብኛል። ያን ከሰዓት ግን ልርሳው ብልም አልቻልኩም።

ያኔ አሰላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ጓደኛዬ ብርቄ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሁለታችንም አዲስ አበባን አይተናት አናውቅም። ብርቄ ጉለሌ አክስት ስላለቻት፣ ከቀበሌ «የታመመች አክስት ለመጠየቅ» የሚል የይለፍ ወረቀት አውጥተን ሄድን። አክስቷን ጉንፋን እንኳ አልያዛትም።

በወረቀቱ ብቻ ቢሆን ባልፈራሁ። ጊዜው ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ ከየቤቱ የሚለቀምበት ነበር። ታናሽ ወንድሜን ዲክሲስ፣ ዘመድ ቤት ደብቀነዋል። ሰው ትኩር ብሎ ካየኝ እሱን የሚፈልግ ይመስለኛል። እናቴም እቤታችን ለማናውቀው ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው ብላ አስተምራናለች፤ እሱም «አላውቅም» ነው።

ጠዋት ስድስት ኪሎ አንበሶቹን ለማየት ገባን። ብርቄ አንበሳው ሲያዛጋ አይታ «የኛ ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ እንዲህ ነው» አለችና ሳቀች። ዞር ስል አንድ ከሲታ ሰው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አየሁ። አንበሳውን ሳይሆን እኛን ነው የሚያየው። ግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ አለው።

ያቺን ቀልድ የሰማ መሰለኝ፤ በቀልድ ስንቱ ገብቶ ቀርቷል። ብርቄን እጇን ይዤ ወጣሁ።

ወደ ፒያሳ በከተማ አውቶቡስ ስንሄድ ሰውየው ከኋለኛው በር አጠገብ ቆሟል። ብርቄ ማንም እንዳይሰማን ብላ በኦሮምኛ «ኑ ኢላላ ጂራ» አለችኝ፤ እያየን ነው ማለቷ ነው። እኔም በኦሮምኛ ዝም በይ አልኳት። ስንወርድ እሱም ወረደ። የወርቅ ቤቶቹን መስኮት እያየን ስንሄድ ከማዶ ባለው ጥግ ይሄዳል። ስንቆም ይቆማል። ወርቁን አየሁት እንጂ ምን ዓይነት ወርቅ እንደነበር ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ብርቄ ግን ሆድ ሲርባት ፍርሃት የላትም። ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ደረጃ ላይ ተቀመጥንና እናቴ የሰነቀችልንን ጩኮ አወጣች። የገብስ ቆሎ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ የአርሲ ሰው ለመንገድ የሚይዘው ስንቅ ነው። ሁለት ጉርሻ ሳንበላ ሰውየው እፊታችን ደረሰ።

ብርቄ ከልማድ «እንብላ» አለችው።

የከተማ ሰው «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ያልፋል ብለን ነበር። እሱ ግን እታችኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለና ቆንጥሮ አፉ ውስጥ ከተተው። ለረጅም ጊዜ አኘከው።

«ከየት ናችሁ፣ እህቶቼ?»

«ከናዝሬት» አልኩ።

«ኦሮምኛችሁ የአርሲ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። ሚስጥር ያልነው ቋንቋ አጋለጠን።

ግራና ቀኙን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ቀንሶ «ኢተያ፣ ወፍጮ ቤቱ ጎን ወይዘሮ ትሩፋት የሚባሉ አሉ። ታውቋቸዋላችሁ?» አለ።

ብርቄ አየችኝ። እንዴት አላውቃቸውም? የእናቴ ማኅበርተኛ ናቸው። አሰላ በመጡ ቁጥር እኛ ቤት ነው የሚያድሩት። ልጃቸውን አይቼው አላውቅም እንጂ ከጦር ግንባር መጥፋቱንም፣ በሱ ምክንያት ቤታቸው ሁለት ጊዜ መፈተሹንም አውቃለሁ። ይሄ ሰው ያን ልጅ ሊይዝ የወጣ ነው አልኩ በልቤ።

«አላውቃቸውም» አልኩ።

«ደህና ናቸው ወይስ...»

«ወንድሜ፣ አላውቃቸውም አልኩህ እኮ። ኢተያንም አላውቀውም።» ፊቱን ላለማየት ወደ መንገዱ ዞርኩ።

ቀስ ብሎ ተነሣና «ገባኝ። እናንተ ምን ታደርጉ» አለ። ደረጃውን ወርዶ ሰው ውስጥ ገባ።

«ገባኝ» ያላት ነገር አስፈራችን። ሊያስይዘን ነው ብለን ያሰብነውን ሁሉ ሳናይ በማግስቱ የመጀመሪያውን መኪና ይዘን አሰላ ገባን። በራሴ ኮርቼ ነበር። ወይዘሮ ትሩፋትን ያዳንኳቸው መስሎኛል።

እናቴ ምስር እየለቀመች ታሪኩን ሰማችኝ። ጠባሳው ላይ ስደርስ እጇ ቆመ። «ግራ ቅንድቡ ነው? ለሁለት የከፈለ?»

«አዎ።»

«ታደሰ ነው። የትሩፋት ልጅ።»

ምስሩን ወደ ጎን አድርጋ «አንቺ፣ አገሩን የምታውቅ ልጅ ስለ ሰው እናት ተጠይቃ አላውቅም ብላ ፊቷን ስታዞር ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

መልሱን አውቀዋለሁ። እኛ ዘንድ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ዘመድና ሽማግሌ በማለዳ እቤቱ ሄዶ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ ሲጠየቅ አላውቅም ይላል፣ ዓይኑንም ያሸሻል። እኔ አፌን ሞልቼ የዋሸሁት ውሸት ለሱ የእናቱ መርዶ ሆኖለታል። «ገባኝ» ያለው ይህንን ነው።

ከእናቴ ጋር ኢተያ ሄድን። ወይዘሮ ትሩፋት አልተቆጡኝም። «በዓይንሽ አየሽው? ቆሞ ሲሄድ?» እያሉ ደጋግመው አስማሉኝ። መሞታቸውን አምኖ እንደሄደ ስንነግራቸው ደግሞ «ይኑርልኝ እንጂ፣ አልቅሶም ቢሆን» አሉ። በስሙ ብናስፈልገው እኛው ማስያዛችን ነው። ብርቄ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ተመልሳ እዚያ ደረጃ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ መጣች። አላገኘችውም።

ወይዘሮ ትሩፋት ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከምናምን ኖሩ። ደጃቸው ላይ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ብድግ ይሉ ነበር ይላሉ ጎረቤቶቻቸው። ነሐሴ ላይ አረፉ። በቀጣዩ ግንቦት ደርግ ወደቀ፤ ሰኔ ላይ ታደሰ የእናቱን መቃብር ሊያይ መጣ። ቄሱ እናቱ ያረፉበትን ጊዜ ሲነግሩት አላምን ብሎ፣ አጣርቶ አጣርቶ እኛ ቤት ደረሰ።

እናቴ አስቀመጠችው። እኔ ቆሜ ነገርኩት። ያኔ በሕይወት እንደነበሩ፣ እስኪሞቱም እንደጠበቁት፣ አንድም አላስቀረሁም።

«ማን መሰልኩሽ?» አለኝ።

«አንተን የሚፈልግ ካድሬ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ግማሽ ቀን የተከተልኳችሁ አነጋገራችሁ የአገሬ ቢመስለኝም ካድሬ ትሁኑ አትሁኑ ስላላወቅኩ ነው። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም አላውቅም ነበር የምለው» አለና ጋቢውን አስተካክሎ ወጣ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የደበቅነው ወንድሜ ዛሬ የአራት ልጆች አባት ነው። በዓል ሲሆን እናቴ አጠገቧ አስቀምጣው ራሱን ስትዳብስ አያለሁ። ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ደስታዬ ያሳፍረኛል።