እናታችንን የበላው "እና"

ምራቴን በምትሠራበት የጽሕፈትና የኅትመት ሱቅ "ምላጭ" ይሏታል። የሰው ጽሑፍ ሲሰጧት ትርፉን ላጭታ፣ አለስልሳ ነው የምትመልሰው። ስትዳር መተየብ ብቻ ነበር የምታውቀው፤ ጃቫስክሪፕት የሚሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ የተማረችው ሁለተኛ ልጇን በአንድ እጇ አቅፋ እያጠባች ነው። ኮምፒውተሯ ላይ የሠራቻት ትንሽ ገጽ ጽሑፍ ሲለጥፉባት የታዘዘችውን ቃል ፈልጋ ታጠፋለች።

አንድ ቀን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር መጣ። የእናቱን ታሪክ በራሱ ድምፅ ተናግሮ በስልኩ ቀድቷል፤ ከሰዓት በኋላ እህቶቹ ሲሰበሰቡ ሊያነብላቸው ይፈልጋል። ምራቴ እየሰማች ተየበችው። ሰውየው ግን ያለ "እና" አይተነፍስም፤ እና ተነሳች፣ እና ሄደች፣ እና መጣች ነው ነገሩ ሁሉ።

"እሱን አጥሪልኝ ልጄ፣ እህቶቼ ይስቁብኛል" አላት።

/\bእና\b/g ብላ ጻፈች፤ ብቻውን የቆመውን "እና" ብቻ አጥፋ ማለቷ ነው። አንድም "እና" አልጠፋም። \b የሚለው ምልክት የቃል ድንበር የሚለየው በላቲን ፊደል ነው፤ የእኛን ፊደል ከፊደል አይቆጥረውም። ይህን አላወቀችም ነበር። ቸኩላ ድንበሩን አነሳችና /እና/g ብቻ አስቀረች። አሁን ሁሉም ጠፋ፤ አትማ ሰጠችው።

ሾፌሩ መነጽሩን አድርጎ ድምፁን ከፍ አደረገ፦ "ታችን ጎበዝ ነበረች።"

ቀና አለ። "ታችን?"

"የት ጋ ጋሼ?"

"ይኸው። እዚህ ደግሞ 'ቴ ሞተች' ይላል። ቴ ማናት? እንዲህ የምትባል ዘመድ የለችኝም።" ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። "እናቴን አንዴ ቀብሬያታለሁ፣ ልጄ። አንቺ ደግሞ ስሟን አጠፋሽው።"

ምራቴ አንገቷን ደፋች። "ይቀመጡ ጋሼ። ዋናው አልተነካም፤ የላጨሁት ቅጂውን ነው።"

ከፊቱም ከኋላውም ክፍት ቦታ ያለውን "እና" ብቻ እንዲያጠፋ /\sእና(?=\s)/g ብላ አስተካከለችና እንደገና አተመችለት። "እናቴ" ውስጥ ያለውን ከኋላው የቆመችው "ቴ" አዳነችው።

ሾፌሩ ቆሞ ማንበብ ጀመረ፣ ተቀምጦ ጨረሰ። ለእያንዳንዷ እህቱ አንድ አንድ እንድታትምለት ጠየቃት።

"እኔ ነኝ የተናገርኩት ብል ግን አያምኑኝም" አለ።

"ለምን ጋሼ?"

"'እና' የለበትማ።"