ለጋሽ ወንድይራድ ሽማግሌ ሲጠፋ

ሆላንድ ውስጥ ጋሽ ወንድይራድ ያላስታረቁት ሐበሻ ካለ ገና ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ አልወጣም ማለት ነው። ኦስዶርፕ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ፣ ዴን ሃግ ወንድማማቾች ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ይህ ሁሉ ችሎታ ግን የገዛ ልጃቸው ዘንድ ሲደርስ ይከዳቸዋል።

ቃልአብ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ ሮተርዳም ትራም መንዳት ከጀመረ ወዲህ አባትና ልጅ ተነጋግረው አያውቁም። እኔ ጎረቤታቸው ልጁ ሲነዳ አይቼዋለሁ፤ ያኮራል እንጂ አያሳፍርም። መልእክታቸው ሁሉ የሚያልፈው በእናቱ በእትዬ ፀዳለ በኩል ነው።

የቃልአብ ልጅ ክርስትና በተቃረበበት ሰሞን እትዬ ፀዳለ ስልኩን በትከሻቸው ደግፈው ሽንኩርት ያቁላላሉ።

"አባዬ እሑድ ይምጣልኝ፣ ንገሪው" ይላል ልጅ።

"ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ይልካል፣ ንገሪው!" ይላሉ አባት ከሶፋቸው።

ሽንኩርቱ አረረ።

ደልፍት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የምታጠናው ልጃቸው ቢታንያ ሳቀች። "እማዬ፣ አንቺ እኮ የድሮ ፕሮሰሰር፣ የድሮ የኮምፒውተር አንጎል ነሽ! እያንዳንዷን መረጃ ራሱ ተሸክሞ ሜሞሪ ውስጥ ሲከት ሌላ ሥራ አይሠራም ነበር። አሁን ከየት ወዴት፣ ምን ያህል እንደሚሄድ ብቻ ያዝዛል። ማመላለሱን ዲኤምኤ የሚባለው ክፍል በቀጥታ ይጨርስና 'አልቋል' ይለዋል። ፍጥነቱ ከዚያ ነው የመጣው።"

"ይህን እያወቅሽ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ታሳርሪኛለሽ?" አሉ እትዬ ፀዳለ። ስልኩን ባላቸው ጭን ላይ አስቀመጡት። "ከዚህ ወደዚያ ነው። ስትጨርሱ ንገሩኝ።" ወደ ድስታቸው ተመለሱ።

ጋሽ ወንድይራድ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ያዙት።

"አባዬ፣ ሽማግሌ አጣሁ" አለ ቃልአብ። "አምስተልቨንም ዛንዳምም ያሉትን ለምኜ ነበር። ሁሉም 'ጋሽ ወንድይራድን ላክ' አሉኝ።"

ጋሽ ወንድይራድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሽምግልና ድምፃቸው ሳያስቡት መጣ። "እሺ ልጄ፣ ጥፋተኛው ማነው?"

"አንተ ነህ። ትራም ስለነዳሁ ብቻ ልጅህ አይደለሁም አልክ።"

ሶፋው ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ግድ የለም" አሉ። "ሰውዬውን ለእኔ ተወው። እሑድ ይዤው እመጣለሁ።"

ከዚያ ወደ ማድ ቤት ዞረው "ፀዳለ፣ ጨርሰናል!" ብለው ተጣሩ።