አጎቴ ሳይጠይቁ አይፈቱም ነበር

አጎቴ ጅማ መርካቶ ውስጥ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ባለፈው ክረምት ዐረፉ። የመጣላቸውን ዕቃ ከመፍታታቸው በፊት ባለቤቱን፣ "ከመቆሙ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ አሰማ?" ብለው ይጠይቁ ነበር።

እናቴ እጇን ቁርጥማት ስለሚያማት ከአንድ ግሪክ ነጋዴ የልብስ ማጠቢያ መኪና ገዝተን ነበር። አንድ ቀን ቆመ። ጎረቤቱ ሁሉ "ጣሉት" አለ። አጎቴ ግን ሕመማቸው ጠንቶባቸው ሳለ እያሳላቸው መጡ።

"እስኪ ንገሪኝ፣ እህቴ።"

"ሲያቃስት ሰንብቷል፣ ጋሼ።"

ሞተሩ የሚያዞረው ቀበቶ ላልቶ ኖሯል፤ አጠበቁትና ሠራ።

ከቀብራቸው በኋላ መኪናው እንደገና ቆመ። ከአሰንዳቦ ያስመጣነው ሠራተኛ ምንም ሳይጠይቅ ፈታታው፤ መልሶ መግጠም ሲያቅተው "አይጠገንም" ብሎ ሄደ። እናቴ ብሎኖቹን ከወለሉ እየለቀመች፣ "አሁንስ ለማን ልንገር?" አለችኝ። የሐዘን ልብሷን በገንዳ ነክራ፣ በዚያ በታመመ እጇ ስታሸው ዋለች።