ፕሬዚዳንቱ የተወው የልደት ቀን

ጋሼ የጥንት አሜሪካ መሪዎችን ወረቀት ማንበብ የጀመሩት ብርድ ሸሽተው ነው። ይህን ራሳቸውን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

ነገሩ በፈረንጅ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ፊትዝሮይ በሚባለው ሰፈር ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ከእኔ በላይ ይኖሩ ነበር። በክረምት ቤታቸው ስለሚቀዘቅዝ ጠዋት በትራም ወደ መሀል ከተማ ይወርዱና ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ይውላሉ። ማሞቂያው አጠገብ ያለው መደርደሪያ የመጀመሪያዎቹን የአሜሪካ መሪዎች ደብዳቤ፣ የቀን ማስታወሻና የመንግሥት ሰነድ በያዙ ወፋፍራም ጥራዞች የተሞላ ነበር። ማሞቂያው የከብት ርቢ መጻሕፍት አጠገብ ቢሆን ኖሮ ስለ በግ ያነቡ ነበር ብዬ አስብ ነበር።

አገር ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ ወረቀት አይሰለቻቸውም። የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት «ሰውየው» ይሉታል፣ ከታች ፎቅ እንደሚኖር ሁሉ።

«ጋዜጠኛው፣ ዛሬ ደግሞ ምን ዋሽተህ መጣህ?» ይሉኛል ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ። በሳምንት አንድ ሰዓት የአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት ነበረኝ።

«ምንም አልዋሸሁ፣ ጋሼ። እርስዎስ ምን አነበቡ?»

«ሰውየው ልብስ ሰፊውን እየተቆጣ ነው። የላክልኝ ልብስ አይሆነኝም፣ እኔ ረጅም ነኝ ይለዋል። ኋላ አገር የሚመራ ሰው!»

አንድ ቀን ግን ስለ ሰውየው አላወሩም። ከመንግሥት ቢሮ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር። ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና የመንዳት ኮርስ እንዲጀምሩ፣ ከዚያም ዌስት ፉትስክሬይ ባለ መጋዘን ሥራ እንዲሞክሩ ታዘዋል፤ ካልሄዱ የሚያገኙት ድጎማ ይቋረጣል። ጋሼ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሊፍቱ የተበላሸ ቀን ቤታቸው ለመድረስ በየፎቁ ደረጃ ላይ ይቀመጣሉ። በቢሮው ማኅደር ግን ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር፤ በስድሳ አምስት ዓመት የሚሰጠውን ፔንሽን ለማግኘት ገና ብዙ ይቀራቸዋል።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አልተቸገርኩም። ጋሼ ሱዳን ውስጥ በስደተኛነት ሲመዘገቡ የሚመዘግቡት ነጮች እንዳይቸገሩ ብለው የትውልድ ዘመናቸውን በፈረንጅ አቆጣጠር አስልተው ነገሩ። አስተርጓሚው ደግሞ ሐበሻ ዘመን የሚቆጥረው በራሱ አቆጣጠር መሆኑን ስለሚያውቅ፣ እሱም በበኩሉ በትውልድ ዘመናቸው ላይ ስምንት ዓመት ጨመረበት፤ ጋሼም በወረቀት በስምንት ዓመት አነሱ። ሁለቱም ጠንቃቃ ሰዎች ነበሩ።

ቢሮው ቀጠሮ ሰጣቸው። የትውልድ ማስረጃ አምጡ ተባሉ። የትውልድ ማስረጃ ግን የላቸውም፤ ያላቸው እናታቸው «በየካቲት ነው የወለድኩህ» ያሏቸው ብቻ ነው። በቀጠሮው ዕለት ጋሼ ባለቤታቸውን እትዬንና እኔን አስከትለው ሄዱ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። እግራቸው ላይ ግን ኮርሱ ግድ የሚለውን፣ አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማ አድርገዋል።

«ምናልባት ካልተሳካ ብዬ ነው» አሉኝ። «ከአሁኑ እየለመድኩት ልቆይ።»

የተቀበለችን ሠራተኛ መነጽር ያደረገች፣ ትዕግሥተኛ ሴት ነበረች። ጋሼ ከኪሳቸው የታጠፈ ፎቶኮፒ አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጉላት። እኔ አስተረጎምኩ።

ወረቀቱ ከሰውየው ጥራዝ የተነሣ ገጽ ነው። ሰውየው የተወለደው በአሮጌው የእንግሊዝ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ ቀን ነበር። ጎልማሳ ከሆነ በኋላ አቆጣጠሩ ተለወጠና ልደቱ ሃያ ሁለት ሆነ። በአሮጌው ልማድ ዓመቱ የሚብተው በማርች ስለነበር የትውልድ ዓመቱም በአንድ ተዛወረ።

ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ይህ ሰው ዘመድዎ ነው?» ስትል ጠየቀች።

«አይደለም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነበር።»

«ለእርስዎ ሊመሰክርልዎ ይችላል?»

«ሞቷል» አሉ ጋሼ። «ማለት የፈለግሁት፣ አንድ ሰው ሳይዋሽ ሁለት የትውልድ ዘመን ሊኖረው ይችላል ነው። ሰውየው እንደማይዋሽ አገሩ ሁሉ ይመሰክራል።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን በአክብሮት መለሰችላቸውና ማኅደራቸውን ማገላበጥ ጀመረች። አንድ ገጽ ላይ ቆመች።

«እዚህ ላይ መንግሥት ሥራ የገቡበት ዓመት አለ። የቅጥር ደብዳቤ ትርጉም ነው። በዚህ ሂሳብ ሲቀጠሩ አሥራ አንድ ዓመትዎ ነበር።»

አስተረጎምኩ። ጋሼ ትንሽ አሰቡ።

«ጎበዝ ነበርኩ» አሉ።

«የመጀመሪያ ልጅዎን ሲወልዱ ደግሞ አሥራ አራት።»

ይህንንም አስተረጎምኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው የነበሩት እትዬ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«እንዴ! የሕፃን ሚስት ነበርኩ እንዴ? ምነው ያኔ ሳትነግረኝ፣ አዝዬህ እዞር ነበር!»

«ዝም በይ አንቺ፣ ቢሮ ነው።»

«ምን ዝም እላለሁ! ባገባኝ ጊዜ ጢሙ እስከ ደረቱ ነበር በላት። ንገራት እንጂ አንተ ልጅ!»

ነገርኳት። ሴትዮዋ ስለ ጢሙ ምንም አልጻፈችም። ስለ ቅጥሩና ስለ ልጁ ግን ጻፈች፤ ሁለቱም ከመጀመሪያው ጀምሮ በራሷ ማኅደር ውስጥ የነበሩ ናቸው። ዓመቱ ስህተት መሆኑን አለቃዋ እንዲያጸድቅላት እንደምትጠይቅ ነገረችን። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሣችና የትውልድ ቀንና ወር ጠየቀች።

«ወሩ የካቲት ነው። ቀኑ አይታወቅም» አሉ ጋሼ።

«ቀን የግድ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ለማያውቅ ሰው ጃንዋሪ አንድ እንጽፋለን።»

«እሱስ ሞልቷል። እኛ ፎቅ ያለው ሰው ሁሉ የተወለደው ያን ቀን ነው» አሉና ፎቶኮፒውን ተመለከቱ። «ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ ብላ ትጻፍ።»

«ጋሼ፣ ይህ የሰውየው ነው» አልኳቸው በአማርኛ።

«ትቶት የለም እንዴ? ሃያ ሁለትን ይዞ ሄዷል። እሱ ካልፈለገው እኔ ምን አደረግሁ?»

እኔ በሥራዬ ያላረጋገጥኩትን ነገር አላስተላልፍም። በልቤ አሰላሁት። ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ የካቲት ውስጥ ይገባል፤ እናታቸው ካሉት ጋር አይጋጭም። አለመሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የለኝም። አስተረጎምኩ።

መልሱ ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት በፖስታ መጣ። ጋሼ ሊፍት ውስጥ አሳዩኝ። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ሆኖ ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው። «ሸመገሉ።»

«አሁን ገና መንግሥት አንቱ አለኝ» አሉና ደብዳቤውን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ አሥራ አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ እንኳን አደረሰዎ ልል ብል እትዬ ብቻ ናቸው ያሉት። «የት ይሆናል፣ ከሙት ጋር ነዋ!» አሉኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ሄድኩ። እዚህ አገር ፌብሩዋሪ አስፋልት የሚያቀልጥ በጋ ነው፤ ማሞቂያው ከጠፋ ወራት አልፎታል። ጋሼ ብረት አፍንጫ ጫማቸውን እንዳደረጉ እዚያው ቦታቸው ተቀምጠው፣ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ለሚስቱ የጻፈውን ደብዳቤ ያነባሉ። ብርድ ሸሽተው ነው ያልኩትን በዚሁ አርሜያለሁ።